የከላላ መንገድ ዳገት

የልጄን ሳይክል ሰንሰለት ግራሶ ስቀባ፣ ሽታው ወደ ከላላ መንገድ ወሰደኝ።

ልጅ ሆኜ በገበያ ቀን በወንድሜ ሳይክል ከመካነ ሰላም ወደዚያ እሄድ ነበር። በእኛ አገር በበቅሎም ሆነ በሳይክል የሚሄድ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያገኝ ወርዶ ነው ሰላም የሚለው። ስለዚህ የመንገዱን ክፉ ዳገት ከሳይክሉ ሳልወርድ ጨርሼው አላውቅም።

አንድ ቀን ግን ጫፉ ላይ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ቁርአን የሚያስቀሩን፣ ማንበብ የሚያስተምሩን ሼህ በበቅሎ ቁልቁል መጡ። ልወርድ ስል ጮሁብኝ።

«እንዳትወርጂ! አብሽሪ ልጄ፣ ዛሬ የምወርደው እኔ ነኝ!»

እውነትም ወረዱና በቅሏቸውን ወደ ዳር ስበው፣ ቆመው አሳለፉኝ።

«እማ፣ ፍሬኑስ ይሠራል?» ትለኛለች ልጄ።

እኔ እኮ ያን ቀን ከዳገቱ ጫፍ እስከ ከላላ ፍሬን የሚባል ነገር አልነካሁም!