ጋሽ ይማም የነገሩኝ ቁጥርና ሁለቱ ሳይክሎች

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ... ኮምቦልቻ አንድ ሳይክል ቤት ውስጥ፣ በሁለት ሳይክሎች መሃል ቆሜ የገዛ እግሬን ርዝመት መጠራጠር ጀመርኩ። በጤናዬ ነው የምነግራችሁ።

ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ መስጊድ የምሰግደው ወንበር ላይ ነው። ገና አርባ አልሞላኝም እኮ። ጥግ ይዤ፣ ሽማግሌዎች መሃል ወንበሬን ዘርግቼ ስቀመጥ የሚሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ሁሉ ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እኔ አንገቴን ብቻ ደፋ አድርጌ ምንጣፉን ከላይ አየዋለሁ። አንዳንዴ እንባዬ ይመጣል።

ጉልበቴን የሚያየው ፊዚዮቴራፒስት ታዲያ «ሳይክል ንዳ፣ ጡንቻው ይጠነክርልሃል። ምናልባት ወንበሩንም ትተወው ይሆናል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ «ግን የሳይክሉ ፍሬም ልክህ ካልሆነ፣ በተለይ ካነሰብህ፣ ጉልበትህን ጭራሽ ትጨርሰዋለህ» ብሎ ጨመረበት።

እኔ የሆጤ ልጅ ነኝ። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ፤ ስለዚህ ዳገት የሚችለው ማውንቴን ሳይክል ነው የሚያስፈልገኝ። ዩቲዩብ ላይ ሳይ «ከብሽሽትህ እስከ መሬት ያለውን ለካ፣ የፍሬሙ መጠን ከዚያ ይታወቃል» ይላል። ይሄማ ቀላል ነው። ሱሪዬን ስንት ዘመን ሲሰፉልኝ የኖሩት ጋሽ ይማም እያሉ ምን አደከመኝ? ደወልኩላቸው።

«ጋሽ ይማም፣ የውስጥ እግሬ ልክ ስንት ነበር?»

«ሰባ» አሉኝ፣ አፍታም ሳያስቡ። «ጨርቅ አገኘህ እንዴ?»

«አይ፣ ለሌላ ጉዳይ ነው» ብዬ አመስግኜ ዘጋሁት።

ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሱቁን የያዘችው መሠረት የምትባል ሴት ናት። ገና ከበር ስገባ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ላንተ ይሄ ትልቁ ነው ወንድሜ» አለችኝ።

«አይ፣ ልኬን ይዤ ነው የመጣሁት። ሰባ ነው።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመጠን ሰንጠረዥ አየች። እኔን አየች። እንደገና ሰንጠረዡን አየች። «በሰባማ ትንሹ ነው» አለች፣ ራሷም ሳታምንበት።

ትንሹ ላይ ወጣሁ። ጉልበቴ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው። መቀመጫውን ከፍ አደረገችልኝ፣ አሁን ደግሞ ወገቤ ታጠፈ። ትልቁ ላይ ስወጣ እግሬ ዘርጋ አለ፣ ጉልበቴም ዝም አለ። ምናልባት አወጣጤ ይሆናል ብዬ ወርጄ ትንሹን ደገምኩት። ያው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ትልቁን ገዝቶ ይሄዳል። እኔ ግን ፈራሁ። ዛሬ ተመችቶኝ ነገ ጉልበቴን ቢጨርሰውስ? ጋሽ ይማም ደግሞ በልክ ተሳስተው አያውቁም።

«እንግዲህ ቁጥሩ ልክ ከሆነ፣ ልክ ያልሆንከው አንተ ነህ ማለት ነው» አለች መሠረት።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሰብኩበት። ፊዚዮቴራፒስቱ እግሬን ሲጎትተኝ ነው የከረመው... ረዝሞ ይሆን እንዴ?

«ለምን እዚሁ አንለካውም?» ብላ ሜትሩን አነሳች። ከዚያ ሜትሩ እስከ የት መድረስ እንዳለበት ለሁለታችንም ባንዴ ገባን። እጇ አየር ላይ ቀረ። ሜትሩንና አንድ ካርቶን ሰጠችኝና «ካርቶኑን እግርህ መሃል አድርገህ ራስህ ለካው» ብላ ወደ ደጅ ወጣች።

ጫማዬን አውልቄ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ለካሁ። ሰማንያ አንድ። ደገምኩት። ሰማንያ አንድ። ስልኬን አወጣሁ።

«ጋሽ ይማም፣ አፉ ይበሉኝና ሰባው ልክ ነው?»

ቅር አላቸው። «ወላሂ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብቆርጥልህ አልስትም።»

«አሁን እኔ ስለካው ሰማንያ አንድ ነው።»

ከጀርባቸው ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ቆመ። «እስከ የት ለክተህ ነው?»

«እስከ መሬት ነዋ።»

«እስከ መሬት?» አሉ፣ እንደማዘን ብለው። «አንተ ሱሪህን ከቁርጭምጭሚት በላይ አይደል የምታሰፋው? እኔ ከዚያ በታች ያለውን ምን ብዬ እለካዋለሁ?»

አጎንብሼ አየሁ። ሱሪዬ እንደ ወትሮው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀርቷል፣ ከዚያ በታች ያለው እግሬ ባዶውን ሲሚንቶው ላይ ቆሟል። ሱና ነው፣ የነቢዩ ፈለግ ነው ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አሳጥሬ የምለብሰው እኔ ራሴ ነኝ! እንዴት እንዳልመጣልኝ እስካሁን አይገባኝም።

መሠረት በር ላይ ሆና ሰምታለች። «ጌታ ይርዳህ ወንድሜ፣ በሱሪህ ልክ ሳይክል ልትገዛ ነበር» ብላ ሳቀች፣ እስክትቀመጥ ድረስ።

ትልቁን ገዛሁ። ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ራሱ፣ ትንሹን ይዤ ብመለስ ኖሮ እያልኩ እደነግጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እነዳለሁ። ትናንት መስጊድ፣ ከቀትሩ የዙህር ጀመዓ በኋላ ለብቻዬ ተጨማሪውን የሱና ሰላት ስሰግድ፣ ወንበሩን ገፋ አድርጌ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ከስንት ጊዜ በኋላ... አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። እዚያው ተደፍቼ ቆየሁ፣ ቆየሁ፣ ቆየሁ... በስንት ትግል ተነሳሁና ጨረስኩ።

አሰላምቼ ሰላቱን እንደዘጋሁ፣ አጠገቤ ሆነው ሲያዩኝ የነበሩ አንድ አባት ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ማሻአላህ ልጄ፣ ምን ዓይነት ዱዓ ቢሆን ነው ሱጁድ ላይ እንዲህ ያቆየህ?» አሉኝ።

ዱዓዬማ አንዲት ነበረች፦ «ያ ረቢ፣ አስነሳኝ።»