ርቀት በኪሎ

ግንቦት 1975 ነበር። ግንቦት መሆኑ አያጠራጥርም፤ የመምህራን ዝውውር ቅጽ የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ዓመቱ ግን ሰባ ስድስትም ሊሆን ይችላል። ባየሽ ራሷ ስታወራው አንዴ ሰባ አምስት፣ አንዴ ሰባ ስድስት ትላለች። ያቺን አንዲት ቃል ግን አልረሳቻትም።

ባየሽ ያኔ በሀገረ ሕይወት ከተማ በአንድ የመንግሥት ቢሮ ታይፒስት ነበረች። የዝውውሩን ቅጽ ስቴንስል የመታችው እሷ ነች። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ርቀት በኪሎ ሜትር» ልትል ስትል ቦታ ጠበባትና «ርቀት በኪሎ» ብላ ተወችው። ማን ይሳሳታል? ጉደር ስንት ኪሎ ነው ሲባል የማይገባው ሰው የለም።

መምህር ፈየራን ዘንግታ ነው።

ፈየራ ጎጆ ከተማ ላይ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማራት ሰው ነው። «ኪሎ ጄቹን ኩማ!» እያለ በማስመሪያው ሰሌዳውን ይደበድባል። «ሺህ ማለት ነው! ሺህ ምን? ግራም? ሜትር? ዋት? ጭራውን አትቁረጡበት!» ገበያ ወጥቶም አያርፍም። አንዲት ድንች ሻጭ «ሁለት ኪሎ ልመዝንልህ?» ብትለው፣ «ሁለት ሺህ ምን?» አላት። «ሁለት ሺህ ድንች ከየት አባቴ ላምጣልህ!» ብላ ገበያውን አሳቀችበት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ኦቦ ኪሎ ሆኖ ቀረ።

በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ከጎጆ በጭነት መኪና ወደ ቢሮው መጥቶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ ቅጹን ለክፍሉ ኃላፊ ለኦቦ ሙለታ ሰጠ። የጠየቀው ባኮን ነው። ሚስቱ ሲንቄ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነች። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የኖሩት ግን ክረምት ክረምቱን ብቻ ነው። ምዝገባው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካመለጠው ሌላ ዓመት ነው።

ኦቦ ሙለታ ቅጹን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው? የታተመውን ሰርዘሃል።»

«አርሜው ነው። ‹በኪሎ› ይላል፤ ኪሎ ብቻውን ትርጉም የለውም።»

«ታዲያ ባኮ ለመሄድ ሚዛን ላይ ልትወጣ ነው? ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አይመዘገብም። መመሪያ ነው።»

«ኦቦ ሙለታ፣ እርስዎም እኮ ያውቁታል። የተሳሳተው ቅጹ ነው።»

«ለመሆኑ አንተ የት ነው የተማርከው?»

«አራት ኪሎ።»

«አራት ሺህ ምን?»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ያልሳቀችው ባየሽ ብቻ ነበረች። ባዶ ቅጽ ይዛ ተነሳች።

«ጋሼ፣ እንኩ ይሙሉት። ለዛሬ ብቻ እንዳለ ይተዉት።»

ብዕሩን አወጣ። ስሙን ጻፈ፤ የሲንቄን ስም ጻፈ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ሰባት ዓመት እዚህች ቃል ላይ ጮኬ፣ አሁን ልፈርምባት? ማነው ግን እንዲህ ብሎ የጻፈው?»

እኔ ነኝ ማለት አቃታት። «አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ሮጠች። አዲስ ስቴንስል አስገብታ፣ ዓምዱን አስፍታ፣ «ርቀት በኪሎ ሜትር» ብላ መታች። ማባዣው ወረቀት ነከሰ። ሁለተኛው ላይም ቀለም ደፋ። ሦስተኛው ወጣ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ይዛ ስትመለስ ለአሥራ አንድ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ወንበሩ ባዶ ነው። ግማሽ የተሞላው ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ የባኮ ርቀት «210» ተጽፏል። ፊርማ ግን የለውም።

«መኪናው ጥሩንባ ነፋ፤ ወጣ» አሉ ኦቦ ሙለታ፣ ዓይናቸውን ከመዝገቡ ሳያነሱ።

ወረቀቱን እንደያዘች ወደ አስፋልቱ ሮጠች። አዲሱን ልታስፈርመው፣ ቁጥሩን ከጻፈው በኋላም አሮጌውን ለመፈረም ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር። ፈየራ ከጭነቱ ጆንያዎች ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ መኪናው የከተማውን ድልድይ አልፏል።