የአረንጓዴዋ ጥንዚዛ በር

ልጅ ሳለሁ ተረት የጠገብሁት ከአናጢው ከአባባ ይመር አፍ ነው፤ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ እንደሳቸው ያለ ተረተኛ አልነበረም፣ ወላሂ! ያኔ ከመግሪብ በኋላ የሰፈር ልጆች ደጃፋቸው እንሰበሰባለን፤ ፍልጡ ነዶ ወደ ፍም ሲወርድ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ ስለ አረንጓዴዋ ጥንዚዛ ያወሩልናል።

ጥንዚዛዋ ከአላህ የሚያብለጨልጭ ልብስ ለምና አገኘች፤ ለልጆቿ መለመን ግን ረሳች። ልጆቿም እርቃናቸውን ሲያፍሩ ቅርፊት ስር ተሸሸጉ፤ እግር የላቸው፣ ራሳቸው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ እንጨቱን እየበሉ ዱቄቱን ከኋላቸው እየጠቀጠቁ ያድጋሉ። የእናታቸውን ልብስ የሚለብሱት ሊወጡ ሲሉ ነው። ታዲያ አባባ ይመር አመድ ላይ በጣታቸው እየሳሉ፣ «የሌላው ነቀዝ በር ክብ ነው። የሷ ግን ለሁለት እንደተቆረሰ ድፎ፣ አንድ ጎኑ ጎባጣ፣ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው» ይሉናል።

እህቴ ዘይነባ ከዓረብ አገር ተመልሳ ለእናታችን ቤት ልትሠራ ስትነሳ፣ የግራር ቋሚውን የቆረጡልን እሳቸው ናቸው። «ቅርፊቱን ዛሬውኑ ላጡት» ብለው አዘዙ። መላጡ የኔ ሥራ ሆነ። እኔ ቀበጧ ግን ሦስቱን ከነቅርፊታቸው ፀሐይ ላይ ተውኋቸው፤ ቀትር ላይ አረንጓዴዎቹ ጥንዚዛዎች ያርፉባቸው ነበራ! ክንፋቸውን ለጌጥ ስለቅም ሰንብቼ፣ ቤቱ ሊቆም ሲል ቶሎ ቶሎ ላጥኋቸው። ማንም አላየኝም።

በሁለተኛው ዓመት ሦስቱ ቋሚዎች ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኑ። እኛ አገር እንጨት ጨረቃ ሳትጠፋ ከተቆረጠ ይነቅዛል ይባላል፤ እህቴም «ይመር በሙሉ ጨረቃ ቆርጦ ሸጠልኝ!» ብላ አገር አዳረሰች። ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ። እኔ ፈሪዋ ዝም አልኩ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። አባባ ይመር ወደ ቋሚው ሄደው ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አሳረፉ፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። የግማሽ ድፎውን በር አውቀውታል፤ አረንጓዴዋ ጥንዚዛ እንቁላሏን የምትጥለው ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት ላይ ነውና፣ በማን ጥፋት እንደመጣም አውቀዋል። አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

«እኔ ነኝ! ሳልልጥ ያቆየሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

እህቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አፉ በሉኝ አባባ፣ ስምዎን አጠፋሁ!»

«አፉ ብያለሁ፤ ተነሺ።»

«እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» አሏቸው ሽማግሌዎቹ።

«ቋሚ ይለወጣል» አሉ። «እኔም አርጅቻለሁ፣ የፈለጋችሁትን ብትሉኝ እችለዋለሁ። እሷ ግን ገና ልጅ ናት፤ ነገ እዚሁ ሰፈር ታድጋለች።»

የሦስቱን ምትክ ቋሚ ራሳቸው ቆርጠው አመጡ፤ ትንሿን መጥረቢያቸውን ለኔ ሰጥተውም «ይቺ ትላጠው» አሉ። አንዲት ቅርፊት አላስቀረሁም።

ዛሬ በአምባሰል እንጨት የሚገዛ ሰው እኔን ያማክራል፤ ቀዳዳ አይቼ ማን እንደበላው እናገራለሁ፣ አልሳሳትም። የሰው ጥፋት ሳውቅ ግን የሳቸው ዝምታ ትዝ ይለኛል፤ እንደሳቸው መቻሉን እስካሁን እየተማርኩ ነው።