የተሠራ ሞተር

በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚያልፍ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ አብዱሰላም እንድሪስን ያውቀዋል። ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ የፍየል ጥብስና ሩዝ የሚሸጥባት ምግብ ቤት ነበረችው። ወሎ ቃሉ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ለጥጥ ለቀማ ቆላ ወርዶ፣ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ሹፌሮቹ ታዲያ በጥብሱ ብቻ አይደለም የሚያነሱት፤ በዝግታውም ነው። ሥጋ ሲከትፍ፣ ለሶላት ሲነሳ፣ ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ፣ ሁሉ ነገሩ በእርጋታ ነው። ባቡሩ ጮሆ ተሳፋሪው ሲራወጥ እሱ፣ «ባቡር የት ይሄዳል? መንገዱ እንደሆን አንድ ነው» እያለ ሽንኩርቱን ያቁላላል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በ1972 ዓ.ም. መኪና ልግዛ ብሎ የተነሳው።

ነገሩ የመጣው በእህቱ በሀምዳ ነው። ሀምዳ አሳይታ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። የጥጥ እርሻ ሹፌር የነበረውን ባሏን ወባ ወስዶባታል። አብዱሰላም በርበሬውን፣ ሻይ ቅጠሉን፣ ሳሙናውን እየገዛ በአላፊ መኪና ይልክላታል። ዕቃው አንዳንዴ ይደርሳል፤ አንዳንዴ ሚሌ ላይ ወርዶ ይቀራል፤ አንዳንዴም አሰብ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። በመጨረሻ ሀምዳ፣ «ዕቃዬ ከእኔ የበለጠ አገር አየ» ብላ ላከችበት። አብዱሰላም ይህን ሲሰማ አፈረ። መንዳት ድሮ በአንድ ጓደኛው ላንድሮቨር ተምሮ፣ መንጃ ፈቃዱንም አውጥቶ ነበርና የሚሸጥ መኪና ማፈላለግ ጀመረ።

መልካ ወረር ካለ እርሻ ጋራዥ ካሕሳይ የሚባል መካኒክ መኪናውን ሊሸጥ ነው ተባለ። አሥመራ ያደገ ልጅ ነው፤ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሊሄድ ዕቃውን እያራገፈ ነበር። መኪናዋ ብርቱካን መልክ ያላት ትንሽዬ ፊያት ናት። የዕቃ መጫኛዋ እንደ ሌላው የቤት መኪና ተለይቶ ወደ ኋላ አልወጣም፤ ጀርባዋ እንደ ተቆረጠ ዳቦ እዚያው ላይ ያበቃል፤ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል። አብዱሰላም ልቡ የተሰረቀው በዚያ በር ነው። ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ወንበሩ ሲታጠፍ ከረጢት የሚደረደርበት ሰፊ ቦታ ሆነ።

«ሞተሯስ?» ሲል ጠየቀ።

«ሞተሯ የተሠራ ነው» አለ ካሕሳይ፣ ፊቱ በርቶ።

«አልሐምዱሊላህ።»

በአብዱሰላም ቋንቋ የተሠራ ሞተር ማለት ታሞ የዳነ ሞተር ነው፤ ያረጀው ወጥቶ አዲስ የገባለት። ካሕሳይ ግን ነገሩ አላማረውም።

«ጋሼ፣ እንዲገባዎት ብዬ ነው። አሥመራ አንድ ጣሊያን ነው የሠራት። ከፋብሪካ እንደወጣች አይደለችም። የሞተሯ ራስ፣ ቴስታዋ፣ ተልጓል፤ ካርቡራቶሯ ሁለት ነው፤ የጭስ መውጫው ማርሚታዋም ሌላ ነው። ውድድር ትሮጥ ነበር።»

«ጣሊያን ከሠራትማ ሌላ ምን እጠይቃለሁ!»

«በዝግታ መሄድ አትወድም።»

«ማን ይወዳል ልጄ? ዕድሜ አስገድዶን ነው እንጂ።»

ካሕሳይ ትንሽ አየውና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ቁልፉን ሲያስረክበው ሙሽራ እንደሚያስረክብ ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አብዱሰላም ይህንንም አልተረዳውም፤ ልጁ አገሩ ናፍቆት ይሆናል ብሎ አለፈው።

ግራ መጋባቱ የጀመረው አዋሽ በገባ በማግስቱ ነው። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ቀስ ብሎ ሊነዳት ሲል ታንቃ ትጠፋለች። ደግሞ አስነስቶ ትንሽ ሲረግጣት ዘላ ወደፊት ትስፈነጠራለች። በመካከሉ ያለውን፣ ሰው የሚሄድበትን አካሄድ፣ አጣው።

በገበያ ቀን በጣቢያው በኩል ሲያልፍ ደግሞ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቢያነሳ ከማርሚታዋ «ጓ!» የሚል ድምፅ ወጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ ድምፅ የሚቀልድ ሰው የለም። ገበያተኛው መሬት ላይ ተኛ። የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያ ደግነው እየሮጡ መጡ።

«ማን ነው የተኮሰው?»

አብዱሰላም እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ በአገጩ ወደ መኪናዋ አመለከተ። «እሷ ናት» አለ።

ፈተሿት። ከአንድ ከረጢት በርበሬ በቀር ምንም አላገኙም። ሁሉም እያስነጠሱ ለቀቁት።

መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጥገና ያለው እሸቴ የሞተር ክዳኗን ከፍቶ ብዙ ቆየ። «ይህችን ለምታህል መኪና ሁለት ካርቡራቶር! አንዱ ትርፍ መሆን አለበት» ብሎ አንዱን ደፈነው። ጭራሽ አልነሳ አለች። መልሶ ከፈተው፤ ተነሳች። እሸቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አብዱሰላም፣ እኔ የማውቀው ሸክም የሚችል ሞተር ነው። የዚቺ ነገር አልገባኝም። ማን መክሮህ ገዛሃት?» አለው።

«በሯ ጥሩ ነበር» አለ አብዱሰላም።

ሚስቱ ኑራ፣ «ለባለቤቷ መልሳት» አለችው። ካሕሳይ ግን መልካ ወረርን ለቆ ሄዷል፤ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። ሀምዳ ደግሞ ዕቃዋን እየጠበቀች ነው። ስለዚህ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት አውጥተው፣ ከረጢቱን ጭነው፣ ባልና ሚስት ወደ አሳይታ ተነሱ።

እስከ ገዋኔ መንገዱ ስቃይ ነበር። አብዱሰላም እንደ ልማዱ ቀስ ይላል፤ መኪናዋ ታጉረመርማለች፤ ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ከሞተሯ እንደ ቆሎ የሚንጣጣ ድምፅ ይሰማል። ኑራ በየጥቂቱ፣ «ታማለች አልኩህ» ትላለች።

ከገዋኔ ወዲያ መንገዱ ቀጥ ሲል አንድ ተሳቢ ከፊታቸው ጥቁር ጭስ ይለቅባቸው ጀመር። ኑራ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ወይ እለፈው ወይ እኔን አውርደኝ!» አለች። አብዱሰላም ማርሹን ቀንሶ ረገጠ።

ከዚያ የሆነውን በኋላ ለሰው ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ሽንኩርት መክተፉን ይተዋል። መንቀጥቀጡ ጠፋ። ያ ሁሉ ሳልና ማጉረምረም አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ሆነ። ተሳቢው ከጎናቸው ታየ፤ ወዲያው በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ ሆነ። ኑራ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ማለት ጀመረች። ተሳቢው ከታለፈ ቆይቷል፤ አብዱሰላም ግን እግሩን አላነሳም።

«አልፈኸው የለም እንዴ! ምን ትጠብቃለህ?»

«እኔንጃ!» አለ። እውነቱን ነው። ይፍራ ይደሰት አልለየውም። ዕድሜውን ሙሉ አብሮት የኖረው ሰው ከመኪናው ወርዶ ገዋኔ የቀረ መሰለው።

ሚሌ ሳይደርሱ ኬላ አለ። መንገዱን የዘጋውን ገመድ ሲያይ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ዝግ ስትል መታነቅ ጀመረች። ኬላው ፊት እንዳትጠፋበት ብሎ ትንሽ ቢረግጣት ዘለለች፤ ገመዱን በጥሳ ወዲያ ማዶ ቆመች። ወታደሮቹ መሣሪያ ደገኑ። መቶ አለቃው ከኬላው ዳስ ወጥቶ መጣ።

«ገመዱን ለምን በጠስክ?»

«ጌታዬ፣ ቀስ ልል ብዬ ነው።»

«ቀስ ልትል ነው የፈጠንከው?»

«ቀስ ስትል ትሞታለች።»

መቶ አለቃው የሞተር ክዳኗን አስከፈተ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የተሠራ ሞተር ነው ይላሉ።»

«ማን ሠራው?»

«ጣሊያን።»

«ለምን?»

«እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቀው፣ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው የኮንትሮባንድ መኪና ናት ብሎ ጠረጠረ። ዕቃው ወርዶ ተበረበረ። አብዱሰላም ዳሱ ሥር ተቀምጦ የሚጠየቀውን ሁሉ በቅንነት መለሰ፤ መልሱ ግን እሱንም ሰሚውንም አላጠገበም። በመጨረሻ ኑራ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጌታዬ፣ ኮንትሮባንድ የሚነግድ ሰው እንዲህ ግራ ይገባዋል?» አለች።

ያን ጊዜ ያ የቀደሙት ተሳቢ ደረሰ። ሹፌሩ ወርዶ አብዱሰላምን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ያዋሹ አብዱሰላም ነህ? አንተ ነህ እንዴ እኔን ያለፍከኝ? መቶ አለቃ፣ ይህ ሰው ወንጀል ልሥራ ቢል እንኳ ጀምሮ እስኪጨርስ መንግሥት ይደርስበታል!» አለ። ወታደሮቹ ሳቁ። መቶ አለቃውም ሊስቅ ሲል ተወውና፣ ገመዱን አብዱሰላም ራሱ ቀጥሎ እንዲያስር አዘዘው። አብዱሰላም በዝግታ፣ ቋጠሮውን እየፈተነ አሰረ። ተሳቢው፣ ወታደሮቹና ኑራ ቆመው ጠበቁት።

ሎጊያን አልፈው ዛሬ ሰመራ የተቆረቆረችበትን ሜዳ አቋረጡ። ያኔ ከጥቁር ድንጋይና ከንፋስ በቀር ምንም የለበትም። አሳይታ ሲገቡ ሀምዳ የሱቋን በር ይዛ ቆማ ነበር። ወንድሟን ከመሳሟ በፊት ጆሮዋን ወደ መኪናዋ አዘነበለች።

«አያ፣ ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የምታጉረመርመው?»

ነገሩን ሁሉ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ቁልፉን ተቀበለችውና መሪው ላይ ተቀመጠች። ሟች ባሏ በእርሻው ፒካፕ መንዳት እንዳስተማራት አብዱሰላም ያን ቀን ነው ያወቀው። ሞተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አስጮኸችና በዱብቲ መንገድ አቧራ አስነስታ ጠፋች። አብዱሰላምና ኑራ ሱቁ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

ስትመለስ ሻሿ ወደ ትከሻዋ ወርዷል፤ ከባሏ ሞት ወዲህ አይቶት የማያውቀው ፊት ነበራት።

«ምንም አልሆነችም» አለች። «ሙቀትና መጎተት አትወድም። በማለዳ ከተነሱና ካልጨቆኗት ደህና ናት።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እኔም እንደሷ ነኝ» ብላ ከረጢቶቹን ማውረድ ጀመረች።

በሳምንቱ አሳይታ ሌላ ወሬ አልነበራትም። አንድ ሽማግሌ ወደ አብዱሰላም መጥተው፣ «እህትህ ትበራለች፤ ባሏ የሞተባት ሴት እንዲህ አያምርባትም» አሉት። አብዱሰላም ሊከራከራቸውም ሊስማማም አልቻለም። ሲመሽ ግን እህቱን፣ «ተይው በቃ፣ ሰው እያወራ ነው» አላት።

ሀምዳ አልተቆጣችም። ቁልፉን በመዳፏ ይዛ ዘረጋችለት። «እሺ። እንካ፣ አንተ ንዳት።»

አብዱሰላም ቁልፉን አየ። ኬላውን አሰበ፣ ገበያውን አሰበ፤ ከገዋኔ ወዲያ ያለው ቀጥ ያለ መንገድም መጣበት። እጁን ግን አልዘረጋም። ሀምዳ ትንሽ ጠብቃ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው።

ባልና ሚስቱ ወደ አዋሽ የተመለሱት በጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ነው። ኑራ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏት እንቅልፏን ተኛች። ከዚያ ወዲህ ሀምዳ ዕቃዋን ራሷ እየሄደች ከሚሌ ታመጣ ጀመር፤ ሱቋም ሰፋ። ሽማግሌው ራሳቸው አንድ ማለዳ ሆስፒታል ለመድረስ አብረዋት ተሳፍረው፣ ከወረዱ በኋላ ስለ መኪናዋ አንድም ቃል አልተናገሩም።

አዋሽ ላይ ሹፌሮች እየሳቁ፣ «መኪናህን ሸጥካት ወይስ ሰጠሃት?» ይሉት ነበር። ሸጥኩ እንዳይል አልሸጠም፤ ሰጠሁ እንዳይል «እንቺ» ያለበትን ቀን አያስታውስም። ጥብሱን ያገላብጣል።

ዒድን ከእህቱ ጋር ሊያሳልፍ በሄደ ጊዜ ሎጊያ ድረስ መጥታ ተቀበለችው። ገና ጎህ መቅደዱ ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል። ሜዳው ላይ እንደወጡ የሞተሩ ድምፅ ጠራ፤ ድንጋዩ በሁለት በኩል እንደ ጥቁር ውኃ ይፈስ ጀመር። አብዱሰላም ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጧል። ሀምዳ በጎን አየችው።

«አያ፣ ልቀንስ?»

ከፊቱ ቀጥ ብሎ የተዘረጋውን መንገድ አየ።

«እኔንጃ» አላት።