ፍልሰታ ላይ የዋለው ፍጻሜ

ከአርባው ተዝካር በኋላ የአባትሽን ሳጥን ከፍቼ ልብሱን ሳወጣ የጎማ ሽታ መጣብኝ። ከልብሱ ሥር ገጹ የተላጠ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ነበር። ይዤው ቁጭ አልኩ። ልጄ፣ ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መግቢያ ነው፤ የክረምቱ ዝናብ የሰቆጣን አዳራሽ ቆርቆሮ ይደበድባል። የዞኖች ውድድር እኛ ዘንድ ተዘጋጅቶ ነበር። ያሸነፈውን ከባሕር ዳር የመጣው አሰልጣኝ ለክልሉ ቡድን ይዞት ሊሄድ ነው። የሰቆጣ ልጆች አንድ በአንድ ወድቀው ለፍጻሜ የደረሰልን አባትሽ ብቻ ነበር። ያኔ ዲያቆን ነው። ፍልሰታ ስለነበር ከጓደኞቹ ጋር በተራ ይቀድሳል፤ ተራው ባልሆነ ቀን ይጫወታል።

የፍጻሜው ዕለትም ተራው አልነበረም። ጠዋት ግን የተረኛው ዲያቆን እናት ታመው ልጁ ወደ አምደወርቅ ሄደ። ቀዳሾቹ ልዑካን አምስት ካልሞሉ ደግሞ ቅዳሴ የለም። አባትሽ በእሱ ፋንታ ገባ።

ጨዋታው ስምንት ሰዓት ነበር፤ የፍልሰታ ቅዳሴ ደግሞ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ስምንት አለፈ። አዳራሹ እርጥብ ጋቢ፣ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። የወልድያው ተጫዋች ኳሷን ጠረጴዛው ላይ ያነጥራል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ዲያቆኑ ፈርቶ መቅደስ ተደበቀ!» አለ አንዱ እንግዳ።

«ትናንት ጓደኛህን ያስለቀሰው ማን ሆነና!» አለው የእኛው ልብስ ሰፊ።

ዳኛው ሰዓቱን አየ። «ዘጠኝ ላይ ካልመጣ ፎርፌ ነው። መኪና እየጠበቀን ነው።» እኔ የጓደኛዬን እጅ ጨምቄ ይዤ በሩን አያለሁ።

ዘጠኝ ሊሞላ ሲል ገባ። አዳራሹ በፉጨትና በእልልታ ተናጋ። ከዚያ የፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች እልልታውን በእጃቸው አስቆሙ። አባትሽ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኗል። የቀደሰ ዲያቆን እንደሚቆርብ፣ የቆረበም ላብ እንደማያፈስ ማን ያጣዋል? በዚያ ጭንቀት ግን አንዳችንም አላሰብነውም።

የስፖርት መምህሩ ራኬቱን ዘረጋለት። «በል እንጂ፣ ነጠላህን አውልቅ!»

«ቆርቤያለሁ፣ መምህር።»

«አየሁ። ቀስ ብለህ ተጫወት፣ እንዳያልብህ።»

«ሳያልበኝ እሱን የት አሸንፈዋለሁ?»

መምህሩ «ነገ ይሁንልን» ብሎ ዳኛውን ለመነ፤ ዳኛው ወደ አሰልጣኙ ዞረ፤ አሰልጣኙ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አባትሽ ነጠላውን ከአፉ ሳያወርድ ተጋጣሚውን ጨብጦ ወጣ። ተከትዬ ስወጣ ከጣሪያው ሥር ቆሞ ዝናቡን ያያል።

ከተጋባን በኋላ ነገሩን አነሳበት ነበር።

«ተይው፣ ያሸንፈኝ ነበር» ይለኛል።

«አያሸንፍህም!»

«ያሸንፈኝ ነበር አልኩሽ።»

እሱ እየሳቀ፣ እኔ እየተናደድኩ ስንት ዓመት ተከራከርን። ትናንት ማታ ብቻዬን ሆኜ «አያሸንፍህም» አልኩ። መልሱን ጠበቅሁ። የተከራከረኝ የለም።