ቀዩ ቀሚስና የስኮትላንዶቹ እራት

ቀዩ ቀሚሴ በቁም ሳጥኑ ጥግ፣ ከልብስ ንጽሕና ቤት በመጣበት ላስቲክ እንደተሸፈነ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ሌላ ልብስ ለማውጣት እጄን በሰደድኩ ቁጥር ላስቲኩ ኮሽ ይላል። ያኔ የያዝኩትን ይዤ ቶሎ በሩን እዘጋለሁ። ከእሱ በቀር እዚያ የተሰቀለው ሁሉ ጥቁር ነበር፤ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሹራብ፣ አንድ ረጅም ጥቁር ቀሚስ። ፍራንክፈርት ውስጥ ጥቁር መልበስ ማንንም አያስገርምም። ክረምት ላይ ባቡር ውስጥ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው ጥቁር ለባሽ ነው። ወንድሜ ሞቶብኝ ከል መልበሴን ከሐበሻ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በምሠራበት የቋንቋ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ አንዲት ስኮትላንዳዊት ነበሩ። አጭር፣ ሳቂታ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሴት ናቸው። እኔ መግቢያው አጠገብ ተቀምጬ ተማሪ እመዘግባለሁ። እሳቸው በእረፍት ሰዓት ሻያቸውን ይዘው ይመጡና ጠረጴዛዬን ተደግፈው በጀርመንኛ ያወራሉ። የወደዱኝ ብዙ ስለማልናገር ይመስለኛል። ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እንዲሁ መጡና፣

“በወሩ መጨረሻ የኛ እራት አለ። ትመጫለሽ” አሉኝ። አባባላቸው የጥያቄ አልነበረም።

“የምን እራት ነው?”

“የገጣሚያችን። የተወለደበትን ቀን በየዓመቱ እናከብርለታለን።”

“ስንት ዓመቱ ነው?” ስላቸው ሻያቸው እስኪፈስ ሳቁ።

“ከሞተ እንኳ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፣ ልጄ!”

የበግ ጨጓራ ተሞልቶ ይቀርባል፤ ግጥም ይነበባል፤ አንድ ሰው ተነስቶ ስለ ሟቹ ይናገራል፤ ከዚያ እስኪደክም ይጨፈራል አሉኝ። እኔ በልቤ፣ ይሄማ ተዝካር ነው አልኩ። ተዝካር ከሆነ ደግሞ መቅረት ነውር ነው። ጭፈራ ካለበት ግን እንዴት እሄዳለሁ? እንደምንም ብዬ፣

“ምን ይለበሳል?” አልኳቸው።

“ወንዶቹ ያንን ባለ ካሬ ጉርዳቸውን ይለብሳሉ። ሴቶቹ አብዛኞቻችን ረጅም ጥቁር ቀሚስ፤ በላዩ ላይ ባለ ካሬ ሱፍ በትከሻችን እንጥላለን። ሱፉን እኔ አመጣልሻለሁ።” ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጨመሩ፤ “አንቺማ ምን ቸገረሽ! ጥቁር እንደሆነ ያምርብሻል። ሁልጊዜ የምትለብሺው አውቀሽ ነው።”

ፈገግ አልኩ። ሐዘኔን የአለባበስ ምርጫ አድርገው እንደቆጠሩት ገባኝ፤ ግን አላረምኳቸውም።

ፕሮይንገስሃይም በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር አብራኝ የምትኖር አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ፍሉግሃፈን፣ ማለት አየር ማረፊያው፣ አውሮፕላን ታጸዳለች። ማታ ስነግራት የሥራ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

“የበግ ጨጓራ ውስጥ ምን ይሞላል?”

“ጉበት፣ ሳንባ፣ ልብ። ተከትፎ፣ ቅመም ገብቶበት።”

“ዱለት ነዋ! ዱለት ለመብላት ነው እንዲህ የተጨነቅሽው?”

“የተጨነቅኩት ለልብሱ ነው።”

“ወንዶቹ ቀሚስ ከለበሱ አንቺ ሱሪ ልበሺያ! አንድ ሰው እንኳ ሱሪ ይልበስ እንጂ።” ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ዓመቱ አልፏልኮ” አለችኝ።

ማለፉን አውቃለሁ። ግን የትኛው ዓመት? ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ የሚቆጠረው ወይስ እኔ ከሰማሁ? በሁለቱ መካከል ረጅም ጊዜ አለ። በዚያ መካከል ደግሞ ቀዩ ቀሚስ አለ።

እንዲህ ነው የሆነው። ለዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናዬ እየተዘጋጀሁ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ በድንገት ሞተ። አባቴ እዚህ ላሉት የአገር ሰዎች ደውሎ፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ ብሎ አስማላቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ፈተና ላይ ላለ ሰውም አይነገርም። በየሳምንቱ ቤት ስደውልና ወንድሜን አገናኙኝ ስል አባቴ “ወጣ ብሏል” ይለኝ ነበር። እኔም እዚያ ቤት ቁጭ የማይል ልጅ ስለነበር አምናለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የክርስትና ድግስ ነበረ። አልሄድም፣ ላጥና ስል አብራኝ የምትኖረው ልጅ “ትንሽ ተንፍሺ። ቀዩን ልበሺ” አለችኝ። ዚፑን ከኋላዬ ስትዘጋልኝ እጇ ተንቀጠቀጠ። ብርድ መሰለኝ፤ “ማሞቂያውን ክፈቺው” አልኳት። አዳራሹ ስንደርስ ሴቶቹ ስመው ቶሎ አይለቁኝም። አንዷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ “ጉንፋን ይዞኝ ነው” አለችኝ። እኔ ዓይን አፋሯ፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ ቀሚሱ አምሮብኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ተነስቼ ጨፈርኩ።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ደረጃው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። አንድም ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ያልገባኝ ማን እንደሆነ ብቻ ነበር። “ማነው?” አልኩ።

ከድግሱ አንድ ፎቶ ቀርቶልኛል። መሀል ላይ እኔ በቀዩ ቀሚስ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ግን ካሜራውን አያዩም። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። ፎቶውን ቀድጄ ልጥለው አስቤ አውቃለሁ፤ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ሰው ፈገግ ብሎ ሲያየኝ የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስለኛል።

የእራቱ ቀን ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ረጅሙን ጥቁር ቀሚስ ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። በእርግጥም ያምራል። ወገቡ ልክ ነው፤ ጨርቁ ይወርዳል። ለቅሶ የተቀመጥኩበት ልብስ ነው፤ አሁን ግን ለጭፈራ የተገዛ ይመስላል። እንዲህ ሆኖ ሲታየኝ አፈርኩ። ወንድሜ በስተኋላዬ በሩን ተደግፎ የሚያየኝ ይመስለኛል። በሕይወት ሳለ እንዲሁ ነበር፤ ልብስ ስመርጥ በር ተደግፎ፣ “ዛሬም ልንቀር ነው” ይል ነበር። ዞር ስል አብራኝ የምትኖረው ልጅ ናት።

“አውልቂው” አለችኝ። “ቀዩን ልበሺ።”

ቃሉ ያው ነው፤ ድምጿም ያው ነው።

“ማነው?” አልኳት።

“ማን ማነው?”

“ማን ሞተ? አሁንስ ማን ሞተ?”

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። “አንቺ ልጅ፣ ቀይ ልበሺ ባልኩሽ ቁጥር ሰው ልገድል ነው? ማንም አልሞተም!”

“ማይልኝ።”

“በማን ልማል? ብምልስ ታምኚኛለሽ?”

እውነቷን ነው። የስልክ ካርድ አውጥቼ ደወልኩ። አባቴ አነሳ። እማዬን አገናኘኝ አልኩት።

“ወጣ ብላለች” አለኝ።

ጥቁሩን ቀሚስ እንደለበስኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

“ጥራልኝ።”

“ጎረቤት ናት፣ ልጄ። ምነው? ምን ሆነሻል?”

“አባዬ፣ ድምጿን ልስማ። ድምጿን ካልሰማሁ ስልኩን አልዘጋም።”

የሚተነፍሰው ይሰማኛል። የነገሩ መነሻ ገብቶታል። “እሺ፣ ጠብቂ” አለና ስልኩን አስቀምጦ ሄደ። ጫማው ሲርቅ፣ የግቢው ቆርቆሮ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ምንም የለም። ራቅ ብሎ ውሻ ይጮኻል፤ ሬዲዮ ይናገራል። ካርዱ እንዳያልቅ እየፈራሁ ባዶውን ቤት አዳመጥኩ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አጠገቤ ወለሉ ላይ መጥታ ተቀመጠች፤ ግን አልነካችኝም።

“ኧረ ምን ጉድ ነው!” አለች እናቴ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች። “ሊጥ በእጄ ይዤ የምታስሮጭኝ!”

ድምጿን ስሰማ ማልቀስ ጀመርኩ። የመጣውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ እራቱ፣ ስለ ጥቁሩ፣ ስለ ቀዩ። አቋረጠችኝ።

“አሁንም ከል ላይ ነሽ እንዴ? እኔ እናቱ ካወለቅኩ ቆየሁ። ሙት ዓመቱ ለት ጎረቤት ተሰብስቦ አወለቀልኝ።”

“አልነገራችሁኝምኮ።”

“ምን ብዬ ልንገርሽ? ያንቺን ማን ያወልቅልሻል? በስልክ አይወልቅ ነገር! ትልቅ ሰው ነው የሚያወልቀው። እዚያ አገር ትልቅ ሰው የለም?”

ይህንንም ደብቀውኛል ማለት ነው። “ከእንግዲህ ምንም አትደብቁኝ” አልኳት። “እሺ” አለች። እሺ ያለችው በጣም ቶሎ ስለነበር አላመንኳትም። ግን በሕይወት አለች። ለዚያ ቀን እሱ ይበቃኝ ነበር።

ላስቲኩን ቀደድኩት። ቀሚሱ ሰፍቶኛል፤ ከስቻለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከኋላዬ ቆማ ዚፑን ስትዘጋ እኔ በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን ሳይሆን እጇን ነበር የማየው። ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አልተንቀጠቀጠም። እጇን እንደማይ ሳታውቅ አትቀርም፤ ዚፑን ከጨረሰች በኋላም እጇን ትከሻዬ ላይ አቆየችው።

“ያን ጊዜኮ አባትሽ አስምለውኝ ነው።”

“አውቃለሁ።”

በላዩ ጥቁር ካፖርቴን ደርቤ፣ እስከ አንገቴ ቆልፌ በትራም ሄድኩ። አዳራሹ ዛክሰንሃውዘን ሰፈር፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ስኮትላንዳዊቷ በሩ ላይ እንግዳ ይቀበላሉ። እሳቸውም ረጅም ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። “ካፖርት እዚህ ነው የሚቀረው” ብለው ቁልፎቹን ራሳቸው ፈቱልኝና ከትከሻዬ ላይ ገፈፉት። ቀዩን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ።

“ጥቁሩን የት ጣልሽው!”

መልሴን ሳይጠብቁ ከቦርሳቸው አረንጓዴና ሰማያዊ ካሬ ያለው ሱፍ አወጡ። በትከሻዬ ጥለው፣ መርፌ ቁልፉን በከንፈራቸው ይዘው፣ እጥፋቱን ማስተካከል ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

“ማነው?” አልኩ። በአማርኛ ነው ከአፌ የወጣው።

“ምን አልሽ?”

“እጅዎ... እጅዎ ይንቀጠቀጣል።”

“እርጅና ነው። ባክሽ አትንቀሳቀሺ፣ እንዳልወጋሽ።” መርፌውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ ቀጠሉ። “የእህቴ ነው፣ ሱፉ። በመከር ሞተች። ሳጥን ውስጥ ከሚቀመጥ አንቺ ልበሺው ብዬ ነው።”

እንዲህ ብቻ። ማለዳ አልጠበቁም፤ ሰው አላሰባሰቡም። መርፌ በአፋቸው ይዘው፣ ከኋላችን ሰው ካፖርቱን እየሰቀለ፣ ሞት ነገሩኝ። ጥቁር ቀሚሳቸውን አየሁ። ለእህታቸው ይሁን ለእራቱ አልጠየቅኩም።

“የኔም ወንድም ሞቷል” አልኳቸው። በጀርመንኛ ተናግሬው አላውቅም ነበር። አጭር ዓረፍተ ነገር ነው።

መርፌውን ከአፋቸው አወጡት። “ሱፉን ላንሳልሽ?”

“አይ፣ ይቆይ።”

ትከሻዬ ላይ ወጉት። ሁለት ጊዜ ሳቱ፤ በሦስተኛው ያዘ።

ከዚያ የስኮትላንዶቹ ባለ አቁማዳ ዋሽንት ጮኸ፤ ጨጓራው በትሪ ሆኖ በሰልፍ ገባ። ዱለት ግን አይደለም፤ ሚጥሚጣ ይጎድለዋል። ንግግሩ ሲያልቅ ሁሉም ተነስቶ ለሟቹ ብርጭቆውን አነሳ። በዚያ ሁሉ ጥቁር መሀል ቀይ የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰዎች እያዩኝ ፈገግ ይላሉ። ከመካከላቸው የሚያውቅ ማን ነው ብዬ አንድ በአንድ ፊታቸውን ተመለከትኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ስልክም በጣቴ ዳሰስኩት።

ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት ፎቶ አንሺ መጣ። ስኮትላንዳዊቷ ክንዴን ይዘው መሀል አስገቡኝ። ሰውየው ተጠጋጉ እያለ በእጁ ምልክት ሰጠን፤ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። እኔ ግን “አንዴ፣ ይቅርታ” ብዬ አስቆምኩት። ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆሙትን አየሁ።

ሁሉም የሚያዩት ካሜራውን ነበር።