የመለስኩት ስኳር

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ከመጠን በላይ ትልቅ ስለነበር ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶ ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛውን አርግዤ ስድስት ወር ሲሆነኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሽንቴን መርምራ ስኳር አገኘችበት።

«የበፊቱም የገዘፈው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ጣፋጭ ተዪ፣ ቆጮና ቅቤ ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ» አለችኝ።

ቤት ስደርስ አማቴ ከፎንቆ መጥተው አታካና የሚባለውን የቡላ ገንፎ ሠርተው ጠበቁኝ፤ ቡላው በቅቤ ርሶ ያብረቀርቃል። አጠገቡ ጎረቤቶቼ ከቀበሌ ራሽናቸው ቀንሰው ያዋጡልኝ ስኳር ተቀምጧል።

«ብዪ እንጂ፣ የምትበዪው ለሁለት ነው» አሉኝ።

«አልበላም፣ እማማ።»

«የልጄን ልጅ በረሃብ ልትገድዪ ነው?»

«ያኛውን የቀበርነው እኮ ጠግቤ በልቼ ነው» አልኳቸው። ሳህኑን አልነካሁም። እሳቸው አለቀሱ።

በማግስቱ ስኳሩን ለየባለቤቱ መለስኩ። አንዷ ጎረቤቴ «ንቀሽን ነው» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እኔ ጎመንና ባቄላዬን እየበላሁ፣ ሆዴን እየገፋሁ በመናኸሪያው በኩል ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። እዚያ የሚቀመጡ ሰዎች መክሳቴን አይተው «ባሏ አያበላትም እንዴ?» ሲሉ እሰማለሁ። ይበሉ! እርምጃዬን አልቀነስኩም።

ልጄ ከግማሽ ቀን ምጥ በኋላ ተወለደች። አማቴ ተቀብለው አገላበጧት።

«ትንሽ ናት» አሉ።

«አዎ፣ እማማ፣ ትንሽ ናት። ሳሟትና ስጡኝ፣ ላጥባት» አልኳቸው።